ቢ ነጌቲቭ እና ሰባት ቤት

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይኼን የምለው ሰው አክብሮ ዝም እንዲለኝ አይደለም፤ ድሬዳዋ ውስጥ ማን ማንን አክብሮ ዝም ይላል! እንዲያውም ሥራዬን ያወቀ ሁሉ ምላሱን አውጥቶ፣ እግሩን ገልጦ፣ «እስቲ ይኼ ምንድን ነው?» ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ያም ሆኖ ደም ላይ እንኳ ማንም አያሳስተኝም ብዬ አስብ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት ሰሌዳ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ፣ ኦ እያልኩ ጽፌያለሁ። በገዛ አባቴ ጉዳይ ግን ያ ሁሉ ጠመኔ ምንም አልፈየደልኝም።

ነገሩ የጀመረው አባቴ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሆስፒታል የገባ ጊዜ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ደሙን መረመሩት። የላቦራቶሪው ባለሙያ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ። «አባባ፣ ደምህ ቢ ነጌቲቭ ነው። ይኼ እኛ ጋ እንደልብ አይገኝም፤ ነጌቲቭ የሚበዛው ፈረንጆቹ ጋ ነው» አለው። ሊል የፈለገው፣ ምናልባት ደም ቢያስፈልግ ከወዲሁ የሚሰጥ ሰው ፈልጉ ነው። እኔም ገብቶኝ ወዲያው ክንዴን ሰጠሁ፤ ስመረመር እኔም ቢ ነጌቲቭ ሆኜ ተገኘሁ። አባቴ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው «ፈረንጆቹ ጋ» የምትለዋን ብቻ ነው።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፤ ደምም አላስፈለገው። ቤት ሲመለስ በመንገድ ላይ ከባጃጁ ሹፌር ጋር ሲያወራ ሰማሁት። «የኔ ደም እዚህ አገር የለም» ይለዋል፣ ታምሞ ሳይሆን ተሹሞ የወጣ ይመስላል።

አባቴ የተገኘ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው ይላሉ፤ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ዳር ሐዲድ ላይ የቆመ ባዶ ፉርጎ ሲፈትሽ በጆንያዎች መሀል ተኝቶ አገኘው። ፉርጎውን ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ይተወው ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ያወቀ የለም። ልጁ ሲነቃ አለቀሰ እንጂ አልተናገረም። ዘበኛው በአማርኛ ጠየቀው፤ ሻይ የምትሸጠው ሶማሌ በሶማልኛ ጠየቀችው፤ በኦሮምኛም ተጠየቀ፤ በፈረንሳይኛ የሞከረም አልጠፋም። ለማንም አልመለሰም። ዘበኛው ሚስት አልነበረውም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ብሎ አቆየው፣ ባለቤት አልመጣም። አሳደገው፣ ስሙንም ሰጠው።

ሲያድግ የባቡሩ ጋራዥ ገብቶ መካኒክ ሆነ፤ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ኖረ። «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «የባቡሩ» እያለ ያስቃል። እኛ ልጆቹ ቀልድ ነው ብለን አደግን። ብቻ ከሱ ጋር ቀፊራ ገበያ መሄድ አልወድም ነበር። አባቴ ከገጠር የመጣ ሰው ሲያይ ፊቱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀጥ ይላል፤ ጆሮውን ያያል፣ ግንባሩን ያያል። ሻጩ «ምን ልስጥህ?» ሲለው ይደነግጥና የማንፈልገውን ሽንኩርት ይገዛል። እናቴ ነፍሷን ይማርና ለዚያ ሽንኩርት ሁሉ አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም። እኔ ግን ሽንኩርቱ የምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ የሆነው ልጄ ልታገባ ባለችበት ሰሞን ነው። ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። እዚያው የሚሠራ የጎጃም ልጅ ወደደች። ልጁን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ዓይን አፋር ነው፣ ድሬዎች ጮክ ብለን ስናወራ የተጣላን መስሎት ይጨነቃል። ችግሩ አጎቱ ናቸው። አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና ያለ እሳቸው ምርቃት አያገባም። እሳቸው ደግሞ በስልክ ቁርጡን ተናግረዋል፤ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፣ ነገር ግን ሰባት ቤት ይቆጠራል። በእናቷም በአባቷም።

የባለቤቴ ወገን በዚህ አይታማም፤ ተኝተውም ይቆጥራሉ። የእናቴን ወገን ከመንዝ አክስቴ በስልክ ቆጠረችልን፤ ካርዷ እስኪያልቅ ቆጠረች። የቀረው አባቴ ነው። አጎትየው ይኼን ሲሰሙ፣ «ሰውዬው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ከኛው ወገን ላለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? ሳናውቅ እህትና ወንድም እናጋባ?» አሉ። እንደ ሥርዓታቸው ከሄድን አልተሳሳቱም፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው። ተሳስተው ቢሆን አፌን እከፍትባቸው ነበር።

ልጄ ማታ ማታ ትራስ ውስጥ ፊቷን ቀብራ ታለቅሳለች። «ከአጎቱ ላጣላው አልፈልግም እማዬ፤ ካልመረቁት ደግሞ እሱ አይሆንለትም» ትለኛለች። አባቴ ለቅሶዋን በግድግዳው ይሰማል። የልጅ ልጁን ሠርግ የሚያስቀረው የሱ አለመታወቅ መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ ግን እዚህ የማይሰማ ነገር የለም፣ ቤቱ እንደሆነ ጠባብ ነው።

ታዲያ ቢ ነጌቲቭ የመጣው በዚህ መሀል ነው። መጀመሪያ ያሰበችው ልጄ ናት። ሰሃን እያጠበች ቆማ ድንገት ዞር አለችና፣ «አያቴ ደሙ የፈረንጅ ከሆነ ከጎጃም ጋር ምን ያገናኘዋል? አለቀ በቃ!» አለች። ፊቷ በራ። አባቴ አልጋው ላይ ቀና አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ። አንቺ ካልሽ አጎትየው ያምናሉ» አለች ልጄ።

እኔ ምን ልበል? «እስቲ አባትሽ ይምጣና እናውራ» ብዬ አመለጥኩ። ባሌ መጣ፤ «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ልብሱን ሊቀይር ገባ። ይኼ ሰው ከጋብቻችን ጀምሮ ያለኝ ይኼንኑ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት አባቴ በረንዳ ላይ ፍራሹን ዘርግቶ ጫት ሊቅሙ ጓደኞቹን ሰበሰበ። በርጫ ላይ የተነሳ ወሬ ድሬን ለመዞር ባጃጅ አይፈልግም። አንደኛው ጡረተኛ የባቡር ሰው ነው፣ አሁንም ሲናደድ በፈረንሳይኛ የሚሳደብ። ሌላው ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ሶማሌ ነው፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። የአባቴን ዘር ሲያከፋፍሉ ዋሉ። ጡረተኛው «ፈረንሳይ ነው፤ ያን ጊዜ ጋራዡን የሚያዙት እነሱ ነበሩ» አለ። ከስልኩ የሆነ ነገር አነበበና ደግሞ «ቢ ህንድ ጋ ይበዛል ይላል፤ የህንድ ነጋዴ ስንት ነበር እዚህ!» ብሎ ሐሳቡን ለወጠ። ከዚያ ግሪክ ተነሳ፣ አርመን ተነሳ፣ የመን ተነሳ። የአባቴ አፍንጫ ከጎን ታየ፣ ከፊት ታየ። ቅላቱ ተመሰከረ። እኔ መስኮት አጠገብ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ አንድ ወረቀት ላይ ትክክለኛውን መልስ ኤክስ አድርጌ በኋላ አስተካከልኩ።

ባለሱቁ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና ሳቀ። «ዋርያ፣ እኔ አባቶቼን እስከ ሃያ ሁለት እቆጥራለሁ። ሳልሳሳት! ልጅ ሆኜ ስሳሳት አባቴ በአለንጋ ነው ያስተማረኝ። ደሜን ስመረመር ግን ምን አሉኝ? ኦ። ኦ ማለት ምንድን ነው አቦ? ዜሮ! ሃያ ሁለት አባት ቆጥሬ ዜሮ ወጣሁ ወላሂ!»

ጡረተኛው እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። እሱ ፊደሉን አግኝቷል፤ የሌላ ሰው ዜሮ ምኑም አይደለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ «ሙሴ» ይለው ጀመር፤ ድሮ የባቡሩን ፈረንጆች እንደሚጠሯቸው። ሱቅ ሲሄድ «ሙሴ፣ ቦንዡር!» ይሉታል። ይሾፉበታል፤ እሱ ግን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ «ቦንዡር» ይላል። ደስታው ያናድደኝ ነበር፣ ያሳዝነኝም ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከሆስፒታል ባመጣት አንድ ቃል ጀርባው ቀና ሲል ማየት ቀላል ነገር አይደለም። «ውሸት ነው» ለማለት አፌን እከፍትና ጀርባውን አይቼ እዘጋዋለሁ።

እውነቱማ እንዲህ ነው። ደም በየአገሩ ሁሉም ዓይነት አለ። አንድ ቦታ አንዱ ይበዛል፣ ሌላ ቦታ ሌላው። ነጌቲቭ ፈረንጆቹ ጋ ይበዛል፣ እውነት ነው፤ እኛም ጋ ግን አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ። ሽንኩርት ቀፊራ ይበዛል ማለት ሽንኩርት የያዘ ሁሉ ከቀፊራ ተነሳ ማለት አይደለም። ደግሞ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የማስቆጥረው ነገር አለ፤ ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልን ወደ ኋላ ስንሄድ ሰባተኛው ላይ መቶ ሃያ ስምንት ሰው ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ መንገድና ጋብቻና ረሃብና ስደት፣ መጨረሻ ላይ ክንድህ ውስጥ አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀመጣል። ከፊደሏ ተነስቶ ሕዝቡን ማግኘት አይቻልም። ተማሪዎቼ ይኼን ስነግራቸው ያዛጋሉ። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስለ መቶ ሃያ ስምንቱ ሳስብ ሆዴ ይባባ ነበር፤ አባቴ እኮ አንዳቸውን ብቻ ነው የፈለገው። አንድ ሰው። ስምና የመጣበት አገር ያለው።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ሲቃረብ አላስችል አለኝ። አባቴ መስታወት ፊት ቆሞ «አባቴ የባቡሩ መሐንዲስ ነበር» ሲል ሰማሁት። ይለማመዳል! ለሽማግሌ የሚናገረውን እየተለማመደ ነው። ሰውዬውን ጭራሽ መሐንዲስ አድርጎታል።

«አባዬ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊደሉን፣ አገሩን፣ መቶ ሃያ ስምንቱን። ጥሩ ተማሪ ነው፣ ሳያቋርጥ ሰማኝና ስጨርስ፣ «ቢሆንስ?» አለ። «ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም?»

«ሊሆን ይችላል፤ ግን ደሙ አልተናገረም።»

«ሊሆን ከቻለ በይላቸዋ!»

«አልልም።»

«የልጅሽ ሠርግ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ የልጄ ሠርግ ነው!»

«ታዲያ ቢ ከየት መጣብኝ? ንገሪኛ! ቢ የማን ነው?»

እኔ ደግሞ ሲጮኹብኝ አልወድም፤ ከሱ ነው የወረስኩት። «ቢ የማንም አይደለም! ጎሪላም ቢ ነው!» አልኩት።

ውሸት አይደለም፤ ጎሪላዎች ደማቸው ሲመረመር ቢ ይበዛባቸዋል። ግን እንዲህ ይባላል? ለአባት? አፌ ውስጥ እያለ ልመልሰው ብል አልተመለሰም። አባቴ ባርኔጣውን አነሳና፣ «ይሁን። ጎሪላም ቢሆን ዘመድ አገኘሽልኝ በይ» ብሎ ወጣ። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሁለቱንም ጨረስኩ።

ሁለት ቀን ኩርፊያ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የላቦራቶሪው ልጅ ደወለልኝ። ከድሬ ገጠር፣ ከዋሂል የመጣች እናት ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ደሟ ቢ ነጌቲቭ ነው፤ ያለው አልበቃ ብሏል። «ቲቸር፣ አንቺ ትዝ ብለሽኝ ነው» አለ። ቦርሳዬን ይዤ ስነሳ አባቴ ኩርፊያውን ረስቶ ጫማውን ያጠልቃል። «እኔም እሰጣለሁ» አለ። በዕድሜህ አይወስዱልህም ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም፤ ባጃጅ ውስጥ ቀድሞኝ ገባ።

እንዳልኩትም አልወሰዱለትም። ተበሳጨ፤ «ጤነኛ ደም ነው!» ብሎ ተከራከረ። እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ ክንዴን ስሰጥ እሱ ውጭ አግዳሚው ላይ ከሴትየዋ ባል ጋር ተቀመጠ። ሰውዬው ዋሂል አካባቢ የሚያርስ ነው፣ አቧራው ገና ከእግሩ አልረገፈም። በሩ ክፍት ስለነበር ወሬያቸውን እሰማለሁ። ግማሹ በኦሮምኛ ነው፣ ግማሹ በአማርኛ፤ እንደኛ አገር።

አባቴ ሥራውን ጀመረ። «ሚስትህ ወገኗ ከየት ነው? ከውጭ የመጣ ሰው አለባቸው? ፈረንጅ? ዓረብ?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ፈረንጅ ምን ሊሠራ እዚያ ይመጣል? የአጎቴ ጎረቤት ልጅ ናት። አባቷ እዚያው፣ የአባቷ አባት እዚያው።» ከዚያ በኦሮምኛ ይቆጥር ጀመር፤ እገሌ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ። ሁሉም እዚያው ተራራ ሥር የተወለዱ፣ እዚያው የተቀበሩ ናቸው። አባቴ አላቋረጠውም።

«ደሟ ግን ከኔ ጋር አንድ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ሰውዬው የገባው በራሱ መንገድ ነው። ብድግ አለና የአባቴን እጅ ይዞ ሳመ። «እንግዲያው ዘመዳችን ነህ» አለው። አባቴ እጁን አልነጠቀም። እኔ መርፌው ክንዴ ውስጥ ስለነበር መነሳት አልችልም፤ ተነስቼ ባቅፋቸው ደስ ባለኝ።

ሴትየዋ ተረፈች። ስንመለስ አባቴ ለባጃጁ ሹፌር ስለ ደሙ አላነሳለትም። ሱቁ ጋ ስንወርድ አንዱ «ሙሴ!» ብሎ ቢጠራው ዞር ብሎም አላየው። ከዚያም የመሐንዲሱ ነገር አልተነሳም፤ እሑድ ምን እንደሚል ግን ለማንም አልነገረም። ልጄ «አያቴ ምን ሊል ነው?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ?

እሑድ መጡ። አጎትየው ረጅም፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ በድሬ ሙቀት ጋቢያቸውን ሳያወልቁ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም። ከሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አባቴን ከዋዜማው ጀምሮ ስለምነው ነበር፤ «አባዬ፣ ደገኞች ናቸው፣ አንቱ በል፣ በሞቴ አንተ እንዳትል!» ብዬ። እኛ ድሬዎች ለጳጳስም አንተ ነው የምንለው። እሱም «እሺ እሺ» ብሎኝ ነበር፤ ለሰላምታው በትክክል አንቱ አላቸው።

የባሌ ወገን ተቆጠረ። የእናቴ ተቆጠረ። አጎትየው በየስሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የአያቷ ነገር ቀርቷል» አሉ። «ልጃችን ነግሮኛል፤ ደማቸው ተመርምሮ የውጭ አገር ሰው ደም ነው መባሉን ሰምቻለሁ። እሱ ከሆነ ከኛ ጋር አይገናኝምና እኔም ልቤ ያርፋል።» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ አሉኝ። እስቲ ንገሪን ልጄ፤ ደሙ የውጭ ነው?»

ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች፤ እግሯ ከታች ይታየኛል። አንደኛው እግሯ ሌላኛውን ረግጦታል፣ ሕፃን ሆናም ስትፈራ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። አልደብቅም፣ ልዋሽ ነበር። «አዎ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጣለች። ባዮሎጂ ገደል ይግባ፣ ልጄ ታግባ ብዬ ነበር።

«እሷን ይተዋት» አለ አባቴ።

ሁሉም ወደሱ ዞሩ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። «ደሜ አገር የለውም» አለ። «ወይም በየአገሩ አለ። ዋሂል አለ፣ ፈረንጅ አገር አለ፣ ጎሪላ ጋም አለ አሉ። እኔ ከየት እንደመጣሁ አላውቅም። አሁን ብቻ አይደለም፣ ሞቼም አላውቅም። ሰባት ቤት ቁጠር ከተባልኩ ግን እቆጥራለሁ።»

አጎትየው «ይቁጠሩ» አሉ።

አባቴ ጣቱን አነሳ። «አንደኛው ቤት የዘበኛው ነው። ከፉርጎ አውጥቶ ስሙን ሰጠኝ። ሁለተኛው ሻይ የምትሸጠው ሶማሌ ቤት ነው፤ የምታጠባው ልጅ ነበራት፣ አንዱን ጡት ለሱ አንዱን ለኔ ሰጠች። ያ ልጅ ያ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነው።» እዚህ ላይ እኔም ደነገጥኩ፤ ጓደኛው ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ሦስተኛው ወተት የሚያመጡት ኦሮሞዎች ቤት፤ ዘበኛው ማታ ሥራ ሲገባ የምተኛው እዚያ ነው። አራተኛው አንድ የሐረር ሰው ቤት፤ ትምህርት ቤት የገባሁበትን ቁምጣ ሚስቱ ሰፋችልኝ። አምስተኛው የግሪኩ ዳቦ ቤት ነው። ያረረውን ዳቦ በጓሮ በር ይሰጠኝ ነበር፤ አባቴ ስለሆነ አይደለም፣ ስለራበኝ ነው።» የሌላውን እጁን ጣት አነሳ። «ስድስተኛው ትልቅ ግቢ ያለው ሹም ነው። በሩን ባንኳኳሁ ቁጥር ውሻ ይለቅብኝ ነበር። ጠባሳው እዚህ ባቴ ላይ አለ። ሰባተኛው የባለቤቴ አባት ቤት ነው። መንዜ ነበር፣ ኩሩ ሰው። የማን ልጅ ነህ ሳይለኝ ልጁን ሰጠኝ።»

ጣቶቹን አጠፈ። «አለቀ። ከዚህ ውጭ ዘመድ የለኝም። ከናንተ ጋር የሚገናኝ ካለ ንገሩኝ።»

እኔ አለቀስኩ፤ ባሌም ቀና ብሎ አላየም። ሽማግሌዎቹ ወደ አጎትየው ያያሉ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠሩ ነበር፤ አንድ በአንድ በልባቸው እየቆጠሩ። ከዚያ ቅንድባቸውን ቋጠሩ።

«ስድስተኛው አይቆጠርም» አሉ። «እሱ ምን አደረገልዎ? ውሻ ነው የለቀቀብዎ። እንዴት ከቤቶችዎ ይገባል?»

አባቴ ቀና አለ። ከዋዜማው ጀምሮ የለመንኩት አንቱታ ሁሉ ከአፉ በነነ።

«አንተስ» አላቸው፣ «አባቶችህን ስትቆጥር ክፉውን ትዘለዋለህ?»

አጎትየው አባቴን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አልዘልም» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ለምርቃት ብድግ አሉ።